ያከማቸና የነፈገ

የእህል ዋጋ በናረ ቍጥር፣ ዘይትና ስኳርም ከሱቅ በታጡ ጊዜ፣ ከሹማምንቱ አንደበትም ሆነ ከጋዜጦቻችን ዓምድ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ‹‹አከማችቶ ተገኘ›› የሚለው ነው። ይህ ቃል በወጣበት ዕለት መጋዘን ይታሸጋል፣ ሰው ይያዛል፣ ኑሮ የከበደውም ሕዝብ የመከራውን ምንጭ በስሙ ያወቀው መስሎት ለጥቂት ቀን ልቡ ያርፋል። የታሸገው መጋዘን ባለቤት በደለኛ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ዳኛ ስላለ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር አልገባም፤ የማነሣው ነገር ከችሎቱ በፊት የሚሠራውን በደል ነው፤ ይኸውም ለክፉ ቀን ያኖረውንና በክፉ ቀን የነፈገውን፣ ማለት በአባቶቻችን ዘንድ እንደ መዓልትና ሌሊት የተለያዩትን ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ቃል አስረን በአንድ ሸንጎ ማቆማችን ነው።

አማርኛችን በዚህ በኩል የቃል ድኽነት የለበትም። መንገደኛ ይሰንቃል፤ ደመወዝተኛ ያጠራቅማል፤ ባልትና የምታውቅ የቤት እመቤት ትቈጥባለች፤ ገበሬ አጭዶ ይከምራል፣ ወቅቶም ወደ ጎተራ ያገባል፤ ባለጸጋ ያደልባል፤ ጦር ያለፈበት አገር ሰው ይቀብራል፤ ሌባ ይሸሽጋል፤ ንፉግ ይነፍጋል። እነዚህ ግሦች ሁሉ ዕቃው ከገበያና ከማዕድ መራቁን ቢናገሩም፣ ስለ ምን እንደ ራቀና ከማን እንደ ራቀ የሚሰጡት ምስክርነት የተለያየ ነው። ቈጣቢ ማለት ምስጋና ሲሆን ቋጣሪ ማለት ስድብ ነው፤ ሁለቱም እጃቸውን የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የሚያስቀረው ከገዛ አፉ ቀንሶ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሌላው አፍ ነጥቆ ነው። ለሀብትም ለሰንጋም የሚነገረው ድልብ የሚለው ቃል እንኳ የራሱ ትምህርት አለው፤ ሰንጋ የሚደልበው ለዓመት በዓል ነውና፣ የሚታረድበት ቀን ያልታሰበለትን በሬ ማንም አያደልብም።

አከማቸ የሚለው ቃል በነዚህ መካከል ገለልተኛ ሆኖ የኖረ ነው። ብቻውን ሲነገር አያመሰግንም፣ አይነቅፍምም፤ ምስጋናውንና ነቀፋውን የሚያገኘው አብሮት ከሚነገረው ነው። ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት ‹‹የመጠባበቂያ እህል ክምችት›› ሲል ስለ ብልኅነቱ ይናገራል፤ በማግሥቱ ያው መሥሪያ ቤት ‹‹እህል ያከማቹ ስግብግብ ነጋዴዎች›› ሲል ስለ ወንጀል ይናገራል። ስሙ ከአንድ ግንድ የበቀለ ሆኖ ሳለ ክምችት ሲሆን ጥበብ፣ ማከማቸት ሲሆን ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት፣ ባለቤቱ መንግሥት ወይም ግለሰብ መሆኑ ብቻ ከሆነ፣ ቃሉ ስለ ድርጊቱ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

ወደ ግእዙ ስንወጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ዘገበ ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ፣ አደለበ ማለት ነው፤ መዝገብም የሚዘገብበት ስፍራና የሚዘገበው ሀብት ራሱ ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ በስድስተኛው ምዕራፍ፣ ብል በሚበላው ሌባም ቆፍሮ በሚሰርቀው በዚህ ምድር ላይ መዝገብ እንዳይሰበሰብ ጌታ ያዘዘውን ሲጽፍ የግእዙ ትርጓሜ የያዘው ግሥ ይኸው ነው፤ ዳሩ ግን ወዲያው በሚቀጥለው ኃይለ ቃል በሰማይ እንድንሰበስብ የታዘዝነውም በዚሁ ግሥ ነው። ግሡ ሳይለወጥ ስፍራው ተለወጠ። በዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ መንግሥተ ሰማያት በእርሻ ውስጥ በተሰወረ መዝገብ ትመሰላለች፤ በዚያው ምዕራፍ ፍጻሜ አጠገብም ስለ መንግሥተ ሰማያት የተማረ ጸሐፊ፣ ከመዝገቡ ሐዲሱንና ብሉዩን የሚያወጣ ባለቤትን ይመስላል ተብሏል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የመጨረሻውን ምሳሌ ልብ ብለህ ተመልከተው፤ ባለቤቱ የተመሰገነው ጎተራው ስለ ሞላ ሳይሆን በሚያስፈልግበት ሰዓት ስለሚያወጣ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት መጽሐፎቻቸውን በመዝገብ ስም መሰየማቸው ከዚህ ክብር የመጣ ነው። መዝገበ ጸሎት ስንል ለነፍስ የተዘጋጀ ስንቅ ማለታችን ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ የመዝገበ ቃላቱ ታሪክ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዙን ግስ ጀመሩ፤ ፍጻሜውን ሳያዩ ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድም በኢየሩሳሌም ከዚያም በአገራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል ሲለቅሙ፣ ዕብራይስጡንና ሱርስቱን ዐረብኛውንም ሲያመሳክሩ ኖረው፣ እርሳቸውም መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ፤ በመጨረሻም አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው ‹‹መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ›› ተብሎ በ1948 ዓ.ም. እንዲታተም አደረጉት፤ የራሳቸውንም ‹‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት›› በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ሰዎች አንዱ ካንዱ እየተቀበለ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ፍሬውን ሳይቀምሱት፣ ለማያውቁት አንባቢ ያከማቹት ሀብት ይህ ነው። እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች አከማቾች ብንላቸው ከእውነት አንርቅም፤ ከነርሱ ሥራ ዛሬ የማይጠቀም የቋንቋችን ተማሪ የለም።

ከዚያ ወዲህ መዝገብ ወደ ጽሕፈት ቤት ወረደ። መዝገብ ቤት የፋይል መደርደሪያ ሆነ፤ የክስ መዝገብ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ዘገባም የጋዜጠኛ ሥራ ሆነ። ይህን ለውጥ አልነቅፈውም፤ ያዩትንና የሰሙትን ጽፎ ማኖር፣ ለሕዝብም ማሰማት ከጥንቱ ትርጓሜ የወጣ አይደለም። በኋላ ስለ ወሎ ረሃብ ስናወራ ወደዚህ ቃል እንመለሳለን።

ስለ ማከማቸት መጻሕፍት የሚሉትን ስንመረምር፣ ብዙ ጊዜ ከምናስበው ይልቅ ጠንቃቆች ሆነው እናገኛቸዋለን። በመጽሐፈ ምሳሌ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ታካች ሰው በመከር ጊዜ መብሏን ወደምትሰበስበው ወደ ገብረ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር ይመከራል፤ በዚያው መጽሐፍ በዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ደግሞ እህሉን ከሚሻው ሕዝብ የሚከለክል ሰው ይረገማል፣ ለሚሸጠው ግን በረከት ይሆንለታል። የሚደንቀው ነገር በረከቱ የተሰጠው በነጻ ላደለው አለመሆኑ ነው፤ ለሸጠው ነው። እንግዲህ ጠቢቡ ሰሎሞን ነጋዴውን ምጽዋት አልጠየቀውም፤ ገበያውን እንዳይዘጋ ብቻ ጠየቀው።

የኦሪቱ መናም እንዲሁ ነው። በዘጸአት ዐሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ እስራኤል በምድረ በዳ የየዕለቱን መና እየለቀሙ ሲመገቡ፣ ሙሴ እስከ ነገ እንዳያሳድሩት አዘዛቸው፤ ሳይሰሙት ያሳደሩትም ሲነጋ ተልቶ ሸተተባቸው። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን፣ በሰንበት የሚለቀም ስለሌለ፣ የሁለት ቀን እንዲለቅሙ ታዝዘው ያሳደሩት አልተላም፣ አልሸተተም። መናው አንድ፣ ማሰሮውም አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ተላ፣ አንዱ ጸና። ከዚያም አልፎ አንድ ጎሞር መና ለልጅ ልጅ መታሰቢያ በመሶብ ተኖረ፤ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ሁሉ እመቤታችንን መሶበ ወርቅ የሚሏት ከዚህ ምሥጢር ተነሥተው ነው። እንደ እኔ አስተያየት ስለ ማከማቸት የተጻፈ ሕግ ሁሉ ከዚህ ምዕራፍ አያልፍም፤ ባለማመን የተከማቸው ተላ፣ በትእዛዝ ለሰንበት የተከማቸው ቀረ።

ሉቃስ በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ የጻፈው ባለጸጋም በመምህራን ስብከት የታወቀ ነው። እርሻው ፍሬ ሰጠው፤ ጎተራውን አፍርሶ የበለጠ ሊሠራ ዐሰበ፤ በዚያችው ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ይህ ሰው አልሰረቀም፣ ሚዛን አላጭበረበረም፣ በድኻ ላይ ዋጋ ጨመረ የሚልም አልተጻፈበትም። ጥፋቱን የሚያሳየን የንግግሩ አኳኋን ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚማከረው ከራሱ ጋር ነው፣ ነፍሱን ያነጋግራል፣ እህሌ፣ ጎተራዬ፣ በረከቴ ይላል፤ በታሪኩ ውስጥ ጎረቤት የለም፣ ሠራተኛ የለም፣ ሚስትና ልጅ እንኳ የሉም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ድርቅና ረሃብ በገባ ጊዜ ስለዚህ ባለጸጋ ባስተማረው ስብከት፣ የተረፈህ እንጀራ የተራበው ሰው ድርሻ ነው፣ በሣጥንህ ያኖርኸው ልብስም የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው የሚል ትምህርት አስተማረ፤ እንዲህ ብሎም አልቀረም፣ ጎተራ ያላቸውን ሰዎች ለምኖና ገሥጾ አስከፍቶ ለተራቡት ወጥ አስቀቅሎ አበላ። ትምህርቱ የጸናው ስብከቱና ድስቱ በአንድነት ስለ ቀረቡ ይመስለኛል።

ዮሴፍን ደግሞ የማከማቸት ሁሉ አባት ልንለው እንችላለን። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ እህል አምስተኛውን እጅ እየወሰደ በየከተማው አኖረ፤ ረሃቡ በጸና ጊዜ ጎተራዎቹን ሁሉ ከፈተ። ይህ በዘፍጥረት አርባ አንደኛው ምዕራፍ ያለው ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አርባ ሰባተኛውን ምዕራፍ ግን ሰባኪዎቻችን ፈጥነው ሲያልፉት አያለሁ። በዚያ ምዕራፍ ግብፃውያን መጀመሪያ ብራቸውን፣ ቀጥሎ ከብቶቻቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለእህሉ ዋጋ ሰጡ፤ ምድሪቱ ለፈርዖን ሆነች፣ ሕዝቡም አምስተኛውን እጅ እየገበረ የሚኖር ጭሰኛ ሆነ። ከሞት አድኖ ያስቀረ መዝገብ፣ ቍልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ስለ ነበረ፣ ሕዝብን አገልጋይ ለማድረግም በቃ። ዮሴፍን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው፤ እህል ያከማቸው መንግሥት ስለ ሆነ ብቻ ነገሩ ሁሉ ንጹሕ ነው ለሚሉ ሰዎች ግን ይህ ምዕራፍ መነበብ አለበት።

አሁን ወደ አገራችን ጎተራ እንመለስ። የደጋው ገበሬ ጎተራውን ከጭራሮ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፣ በጭቃና በእበት ይለስነዋል፣ ምስጥና አይጥ እንዳይደርሱበት በድንጋይ ላይ ያቆመዋል፣ ክዳኑንም በሣር ይሠራዋል። በቤት ውስጥ ደግሞ ከጭቃ የተሠራው ጎታ አለ፤ ከወገቡ በታች ጠባብ አፍ አለችውና የቤት እመቤቲቱ ውታፉን ነቅላ የዕለቱን በእንቅብ ትቀበላለች፣ ወዲያው ትወትፈዋለች። ስንት ቁና እንደ ቀረ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት፤ እስከ አዲሱ እሸት ድረስ ያሉትን ወራት በልቧ ቈጥራ ታካፍላለች፣ ለዘር የሚሆነውንም ለብቻው ታስቀምጣለች፤ የዘሩን እህል መብላት እጅግ የከፋ ችግር ምልክት ስለ ሆነ፣ ልጆቿ እየጠየቋት እንኳ አትነካውም። በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን በጉድጓድ ያኖራል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፣ ዙሪያው በገለባ ይታጠራል፣ አፉ በእንጨትና በአገዳ ተረብርቦ በጭቃና በዐፈር ይደፈናል፤ ከላይ ሲታይ እንደማንኛውም መሬት ነው። ልምድ ያለው ገበሬ ጉድጓዱን በከፈተ ዕለት ወዲያው ዘሎ አይገባም፤ ከታፈነው እህል የሚወጣው ክፉ አየር ሰው ይገድላልና፣ ጉድጓዱ ተነፍሶ እስኪጠራ ድረስ ይጠብቃል። ለዚህ ገበሬ መሰወር ማለት መኖር ማለት ነው፤ ነቀዝም፣ ወራሪ ጦርም፣ ቀለብ ሰብሳቢም የማያገኘው እህል ይህ ብቻ ነበርና።

ይህን ልማድ ያስተማረው መከራ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች ባወረዱት ከብት ምክንያት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩና እስከ ዛሬ ያለ ሌላ ስም ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ዘመን መጣ። ዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ለተራበው ሕዝብ ማስከፈታቸውን፣ መኳንንቱም ሥራን እንዳይንቁ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። በዚያ ዘመን የተመሰገነው ጌታ እህል የነበረው ሰው ነው፤ እህል ያልነበረው ጌታ ቸርነት ቢኖረውም የሚያወጣው አልነበረውም። ሳያከማቹ መቸር አይቻልም።

በደርግ ዘመን የቃሉ መልክ ተለወጠ። የኢኮኖሚ አሻጥር የሚል አዲስ ሐረግ መጣ፤ እህልና በርበሬ አከማችቶ መገኘት በአብዮት ላይ ጦር እንደ መምዘዝ ተቆጠረ፣ በዚህ ክስ ሕይወታቸውን ያጡ ነጋዴዎችም ነበሩ። በሌላ በኩል መንግሥት ራሱ በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል ገበሬው ላይ ኮታ ጣለ፤ እህሉን በተቈረጠ ዝቅተኛ ዋጋ ይረከበው ጀመር። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ የቀድሞው ጉድጓድ እንደ ገና ተቆፈረ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው እስኪቀር ድረስ፣ ለልጆቹ የሚሆን ማሽላ የሰወረው ገበሬና ዋጋ እስኪሰቀል የጠበቀው ነጋዴ በአንድ ስም ተጠሩ፤ አሻጥረኛ ተባሉ። የዛሬው ‹‹አከማችቶ ተገኘ›› የሚለው አነጋገር የዚያ ዘመን ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለረሃባችን ሁሉ አከማቹን ተጠያቂ ማድረግ ልማድ ቢሆንም፣ የወሎ ረሃብ ታሪክ ይህን አይመሰክርም። የሕንድ ተወላጅ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድኽነትና ረሃብ በሚናገረው መጽሐፉ የ1965 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚታሰበው አለመናሩን፣ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ መውጣቱን አሳየ። የወሎ ገበሬ ምርቱ በጠፋ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ አብሮ ጠፋ፤ እህሉ በመጋዘን ተቈልፎ ቢሆን ኖሮ ቍልፉን በመስበር ይድን ነበር፤ ነገር ግን እህሉ በፊቱ በመኪና ተጭኖ በመንገድ ሲያልፍ እርሱ በመንገዱ ዳር ተኝቶ ነበር። በዚያ ዓመት በእርግጥ የተሸሸገ ነገር ቢኖር ወሬው ነው። ሹማምንቱ ረሃቡን ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ክብር ጋር እያስተያዩ ደበቁት፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም አወቀ፤ የገዛ አገሩ ሕዝብ ግን ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዘገበ የሚለው ግሥ ማኖርንም ማሰማትንም በአንድነት ይዟል ያልሁት ለዚህ ነው፤ በወሎ ሰው ላይ የተፈጸመው ትልቁ ንፍገት የእውነተኛ ዘገባ ንፍገት ነበር።

እንግዲህ ነጋዴው ከማናቸውም ነቀፋ ነጻ ነው ልል ነውን? አይደለም። በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው ለግብርና ለዕዳ ሲል እህሉን በሚያራግፍበት ጊዜ፣ በእህል በረንዳ ያለው ጅምላ ሻጭ ገዝቶ ካላኖረ፣ በሐምሌና በነሐሴ የከተማው ሰው የሚሸምተው አያገኝም፤ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ለኪራይና ለነቀዝ ለገንዘቡም ወለድ የሚሆን ትርፍ ቢያገኝ የድካሙ ዋጋ ነው። ከዚህ ነጋዴ አጠገብ ግን ሌላ ሰው አለ። ይህኛው ከመጋረጃ በስተጀርባ የዘይት ጀሪካን እስከ ጣሪያ ደርድሮ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ሳንቲሟን ቈጥራ በመስኮቱ ስትጠይቀው፣ ዐይኗን እያየ ‹‹የለም፣ አልቋል›› ይላታል፤ በማግሥቱ ለሚያውቀው ሰው በእጥፍ ይሸጥለታል። የመጀመሪያው ሰው ዕቃ የሚጠብቀው ወራትን ነው፤ የሁለተኛው ሰው ዕቃ የሚጠብቀው የጎረቤቱን ተስፋ መቁረጥ ነው። ንፍገት የሚጀምረው ከዚያች ‹‹የለም›› ከምትባል ሐሰት ነው፤ የጀሪካኑ ቍጥር ዐሥርም ይሁን ሺህ ስለ ኃጢአቱ ምንም አይለውጥም። ሥራውን ሁሉ ያከናወነ መስሎት ይሆናል፤ ቢሆንም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ደንበኛውን አንድ ጊዜ ያጣ ነጋዴ በትርፉ እንደማይክሰው ብዙ ሳይቆይ ያውቀዋል።

ሕጋችን ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ማከማቸትና ስለ መደበቅ ሲናገር፣ በገበያ እጥረት ያለበትን የንግድ ዕቃ ይዞ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ በመጋዘን ዕቃ መኖሩ ብቻውን ጥፋተኝነትን አያጸናም። ሕጉ የለየውን እኛ ጸሐፊዎች በአንድ ግሥ ደባልቀን ስናቀርበው ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው በገበሬውና በቅን ነጋዴው ላይ ነው፤ ጎተራው እንደ ወንጀል ማስረጃ እንዳይታይበት የፈራ ሰው በመከር ጊዜ ያለውን ሁሉ በርካሽ ያራግፋል፣ አለዚያም በጨለማ ይቀብረዋል፤ ሁለቱም ገበያውን ያደርቁታል። ሁለተኛው ጉዳት ይብሳል። ስድቡ ለሁሉም ስለ ታደለ፣ በእርግጥ የነፈገው ሰው ከብዙኃኑ ጋር ተቀላቅሎ ያመልጣል፤ ‹‹ሁሉም ያከማቻል›› ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ለሥራውም የሚገባው ስም ሳይጠራበት ይቀራል።

ስለዚህ የጋዜጣ አዘጋጆችን፣ ዘጋቢዎችንና መግለጫ የምትሰጡ ሹማምንትን አንድ ነገር እለምናለሁ። መጋዘን ተከፍቶ እህል በተገኘ ጊዜ፣ ‹‹አከማችቶ ተገኘ›› ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እህሉ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተቀመጠ፣ ባለቤቱ በዚያ ሰሞን ሲሸጥ ወይም ‹‹የለም›› ሲል እንደ ሰነበተ፣ ጎረቤቶቹንና ደንበኞቹን ጠይቁና የሰማችሁትን ጻፉ። ካላወቃችሁ፣ በመጋዘኑ ይህን ያህል ኩንታል እህል አለ ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ አትለፉ። ለጠየቀው ሰው ‹‹የለም›› ብሎ መሸሸጉ ከተረጋገጠ ደግሞ፣ አባቶቻችን ያስቀሩልን ቃል አለና፣ ነፈገ በሉት።